ቁምጣ ስትገዢ ቁጭ በይ

የአሜሪካ ልብስ ሱቅ የራሱ የቀን አቆጣጠር አለው። ዋሺንግተን ዲሲ በረዶዋን ጠርጋ ሳትጨርስ መደርደሪያው በቁምጣና በዋና ልብስ ይሞላል። ሐምሌ ገብቶ አስፋልቱ መቅለጥ ሲጀምር ደግሞ ቁምጣው ወደ ጥግ ይገፋና መሃሉን ሹራብና የተማሪ ቦርሳ ይይዙታል። ሙቀቱ ሲያቃጥላት ትዝ ብሏት ወደ ሱቅ የምትሮጥ ሴት የሚጠብቃት አንድ የተራረፈ መስቀያ ነው፤ ወይ ልጅ የሚያክል፣ ወይ ድንኳን የሚያክል፣ ወይ ደግሞ ማንም ያልደፈረው ብርቱካናማ። ነጋዴው ክፋት የለበትም፤ የልብስ ንግድ ሁልጊዜ አንድ ወቅት ቀድሞ ነው የሚሄደው። ሐበሻ ግን ወቅት ቀድሞ ልብስ የመግዛት ልማድ የለውም። ጃንጥላ የሚገዛው ከረጠበ በኋላ ነው።

በዚያ ላይ የዋሺንግተን ሐምሌና የአዲስ አበባ ሐምሌ በስም እንጂ በግብር አይገናኙም። አዲስ አበባ ጋቢ ደርባ ምድጃ ዳር በምትቀመጥበት ወር፣ የዋሺንግተን የቀን ሙቀት በአማካይ እስከ 32 ዲግሪ ሴልሺየስ ይወጣል። ቁጥሩን ብቻ የሰማ የድሬዳዋ ሰው ይስቃል። ነገር ግን የዋሺንግተን ሙቀት እርጥበት ተሸክሞ ስለሚመጣ ላብ የመትነን ዕድል አያገኝም፤ እዚያው ገላ ላይ ይቀራል።

ይህን ሙቀት ቤት ዘግቶ የሚያሳልፍ ሰው ደግሞ ጥቂት ነው። የሌሊት ተራዋን ጨርሳ ገና በማለዳው ሮክ ክሪክ መናፈሻ የምትሮጥ ነርስ አለች። ከጆርጅታውን ተነስቶ እስከ ከምበርላንድ ድረስ 297 ኪሎ ሜትር በሚዘልቀው የሲ ኤንድ ኦ ቦይ ዳር፣ ድሮ በቅሎ ጀልባ ይጎትትበት በነበረው መንገድ፣ ብስክሌት የሚነዱ እናትና ልጅ አሉ። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የሦስት ዓመት ልጇን መጫወቻ ሜዳ ላይ ስታሳድድ የምትውለውን እናት ማንም ስፖርተኛ ብሎ አይቆጥራትም እንጂ፣ ከሁሉም በላይ የምትሮጠው እሷ ናት። ለነዚህ ሴቶች ቁምጣ የሥራ ዕቃ ነው።

ታዲያ የሥራ ዕቃው የሚመረጥበት ቦታ ለሥራው አይመችም። የመለኪያ ክፍሉ ጠባብ ነው፣ መብራቱ ምሕረት የለውም፣ መስታወቱም የሚያውቀው የቆመችን ሴት ብቻ ነው። ሴትየዋ ገብታ ትለብሳለች። ሆዷን ትስባለች። ወደ ጎን ትዞራለች፣ አንገቷን ጠምዝዛ ኋላዋን ታያለች፣ ትወስናለች። ሆዷን ስባ፣ አንገቷን ጠምዝዛ ሐምሌን የምትከርም ሴት ግን የለችም። ያ ቁምጣ መኪና ውስጥ ይቀመጣል፣ ድንጋይ ይወጣል፣ የጫማ ክር ለማሰር ይጎነበሳል፣ የወደቀ ልጅ ያነሳል።

መፍትሔው ገንዘብ አያስወጣም፤ ቁጭ ማለት ነው። መለኪያ ክፍሉ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ አግዳሚ ወይም ትንሽ መቀመጫ አይጠፋም። ቡና የምታፈላ ሴት በርጩማ ላይ እንደምትቀመጠው ዝቅ ብሎ፣ ጉልበትን ከፍ አድርጎ መቀመጥ። ቁምጣው ምስጢሩን የሚያወጣው ይኼኔ ነው። ወገቡ ከኋላ አፉን ከከፈተ፣ መናፈሻ ውስጥ በተጎነበሰች ቁጥር በአንድ እጇ ሸሚዟን ስትጎትት መዋሏ ነው። የእግሩ ጠርዝ ጭን ላይ መስመር ካሰመረ፣ ከሰዓት በኋላ ያ መስመር ቀይ ይሆናል። መሃል እግር ላይ ያለው ስፌት ደግሞ ሊመረመር የሚገባው ተገልብጦ ነው። ርካሽ ቁምጣ ላይ አራት ስፌቶች እዚያው አንድ ነጥብ ላይ ተሰብስበው ጉብታ ይሠራሉ፤ ለእንቅስቃሴ ታስቦ የተሰፋው ግን ብዙ ጊዜ በምትኩ የአልማዝ ቅርጽ ያለው ቁራጭ ጨርቅ ይገባበታል። ይህች የእጅ መዳፍ የማታክል ቁራጭ ጉብታውን ታጠፋለች፣ እግርም ሲከፈት ጨርቁ እንዳይወጠር ቦታ ትሰጣለች። ሻጭ ስለ እሷ አይናገርም፤ ማስታወቂያም አይሠራላትም። ከቀለሙም ከስሙም በላይ ግን ዋጋ የሚገባት እሷ ናት።

ከመቀመጡ ቀጥሎ አንድ እግርን አግዳሚው ላይ መስቀል፣ ከዚያ እስከ ጣት ድረስ መጎንበስ፣ ከዚያ ባሉበት ጥቂት መሮጥ ነው። በጎን ካለው ክፍል «ደህና ነሽ?» የሚል ድምፅ ሊመጣ ይችላል። «ቡና እያፈላሁ ነው» ብሎ መመለስ አይከለከልም።

ርዝመት ላይ ሲደረስ ግን ጉዳዩ የባለቤቱ ብቻ መሆኑ ያበቃል። በሴት ቁምጣ ርዝመት ላይ አስተያየት የሌለው ሰው እስካሁን አልተወለደም።

ነጋዴው አስተያየቱን በኢንች ይሰጣል። ቁጥሩ ከመሃል እግር ስፌት እስከ ጠርዙ ያለው የውስጥ ርዝመት ነው። ባለ 3 ኢንቹ ስምንት ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ለፈጣን ሩጫ የተሠራ ነው፣ እግር አይዝም፣ ጭኖቿ ለሚነካኩ ሴት ግን (ማለትም ለአብዛኛዋ ሴት) ከጥቂት ኪሎ ሜትር በኋላ ቅጣት ይሆናል። ባለ 5ቱ የመሃል ሰፋሪ ነው። ለረጅም የእግር ጉዞና ለብስክሌት 18 ሴንቲ ሜትር ግድም የሆነውን ባለ 7ቱን የሚያክል የለም፤ ጭንን ይሸፍናል፣ ጉልበትን አይነካም፣ ሲቀመጡም ወደ ላይ ሸሽቶ አይጠፋም። ባለ 9ኙ ጉልበት ይጠጋል። እርግጥ አንዱ ቁጥር ረጅሟ ሴት ላይ አጭር፣ አጭሯ ላይ ረጅም ነው፤ ሞዴሏ ላይ የታየው ደግሞ ማንም ላይ አይደገምም።

እናት በኢንች አትናገርም። አራስ ልጃቸውን ሊጠይቁ ከአዲስ አበባ የመጡ እናት፣ አራሷ ከጥቂት ወራት በኋላ በርታ ለሩጫ ስትወጣ በሩ ላይ ያገኟታል።

«ምንድን ነው የለበስሽው?»

«ቁምጣ ነዋ እማዬ፤ ልሮጥ ነው።»

«ቀሪውስ የታለ?»

«ይኼው ነው እኮ።»

«ሙሉ ዋጋ ነው የከፈልሽው?»

ለዚህ ጥያቄ መልስ የለም። እናቲቱ ግን ቁምጣን እንደ ቁምጣ አይጠሉትም። የደገኛ ልጅ ናቸው፤ ወንዶች በቁምጣ ሲያርሱ፣ በቁምጣ ሲያጭዱ፣ ከቁምጣው በላይ ጋቢ ጣል አድርገው ገበያ ሲወጡ አይተው ነው ያደጉት። የጎጃም ገበሬ አረንጓዴ ቁምጣማ የአገር ኩራት ነው። ያን ሁሉ ዘመን «ቀሪውስ የታለ» ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

በዚህ ጉዳይ ላይ የስፖርቱ ዓለም ሹሞች ከእናቲቱ የሚሻሉ ከመሰለ ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 አሜሪካዊቷ ሄለን ጄከብስ በወንድ ልክ የተሰፋ ቁምጣ ለብሳ የዊምብልደን ቴኒስ ሜዳ ስትገባ ወሬ ሆነ፤ ከዚያ በፊት ሴቶቹ ኳስ የሚያሳድዱት በቀሚስ ነበር። ስምንት ዐሥርት ዓመታት አልፈው ደግሞ ክርክሩ ተገለበጠ። በ2021 ቡልጋሪያ ቫርና ላይ በተደረገው የአውሮፓ የባሕር ዳርቻ እጅ ኳስ ውድድር የኖርዌይ ሴቶች ቡድን ለነሐስ ሜዳሊያው ጨዋታ ቁምጣ ለብሶ ወጣ። ደንቡ ለሴቶች የሚፈቅደው የቢኪኒ ሱሪ ብቻ ነበር፤ ጎኑም ከ10 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ተጽፏል። ወንዶቹ በዚያው አሸዋ ላይ በቁምጣ ይጫወታሉ። ሴቶቹ 1,500 ዩሮ ተቀጡ። እዚህ ላይ የተጠየቁት «ቀሪውስ ለምን በዛ?» ነው። ዘፋኟ ፒንክ ቅጣቱን እኔ ልክፈል አለች፣ ጫጫታው አህጉር ተሻገረ፣ ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽንም በዚያው ዓመት ደንቡን ቀይሮ ቁምጣ ፈቀደ። አሸዋ ላይ የሚወድቁት ተጫዋቾቹ ናቸው፤ የሚለኩት ግን ወንበር ላይ የተቀመጡት ነበሩ።

ከሁሉም የቦቢ ጊብ ታሪክ ይበልጣል። ሴትየዋ በ1966 የቦስተን ማራቶንን ልሩጥ ብላ ጽፋ፣ ሴት ያን ያህል ርቀት የመሮጥ ተፈጥሯዊ አቅም የላትም የሚል መልስ መጣላት። ከካሊፎርኒያ አውቶቡስ ተሳፍራ መጣች። ሆፕኪንተን፣ መነሻው አጠገብ ቁጥቋጦ ውስጥ ተደበቀች፤ ሯጮቹ ሲነሱ ተቀላቀለች። የለበሰችው ከላይ ኮፍያ ያለው ሹራብ፣ ከውስጥ ጥቁር የዋና ልብስ፣ ከታች ጉልበት የሚደርስ የወንድሟ ቁምጣ ነበር። በ3 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ገባች፤ ከወንዶቹ መካከል ሁለት ሦስተኛው ከኋላዋ ነበሩ። ሴቶች በይፋ የተፈቀደላቸው በ1972 ነው። ሩብ ምዕት ዓመት ቆይቶ ደግሞ ፋጡማ ሮባ መጣች። አትላንታ ላይ በ1996 የኦሎምፒክ ማራቶን ወርቅ ያገኘችው ፋጡማ፣ 1997፣ 1998 እና 1999 በተከታታይ ቦስተንን አሸነፈች። እሷ ከወንድም መዋስ አላስፈለጋትም።

የወንድም ቁምጣ ግን ሌላ ጸጋም አለው፤ ኪስ። «ዘ ፑዲንግ» የተባለው የአሜሪካ የመረጃ ጋዜጠኞች ቡድን በ2018 የ20 ታዋቂ የንግድ ምልክቶችን ጂንሶች ኪስ ለካ። የሴቶቹ የፊት ኪስ በአማካይ ከወንዶቹ 48 በመቶ ያጠረ፣ 6.5 በመቶ የጠበበ ሆኖ ተገኘ። ይህ ሙሉ ሱሪ ላይ ነው። ቁምጣ ላይ ሲመጣ ኪስ የሚመስል ስፌት ብቻ ቀርቶ ውስጡ የሌለም ያጋጥማል፤ ጣት ሲገባ የሚያገኘው ክር ነው። የመኪና ቁልፍ፣ ስልክ፣ የባንክ ካርድ፣ አስም ላለባትም የሚነፋ መድኃኒቷ የት ይግቡ? ብዙዋ ሴት ስልኳን ጡት መያዣዋ ውስጥ ትከትና በላብ ታጥበዋለች፤ ቁልፉን በጣቷ አንጠልጥላ ትሮጣለች።

ስለዚህ ኪስም መፈተን አለበት፤ በእጅ ሳይሆን በስልኩ። ሰፊ ቁምጣ ላይ ጎን ያለ ኪስ ለቆመ ሰው ጥሩ ነው፤ መሮጥ ሲጀመር ግን ስልኩ ጭን እየደበደበ ይወዛወዛል፣ ወገቡም ማሰሪያ ገመድ ከሌለው ቁምጣውን ይዞት ይወርዳል። ገላ ላይ የሚጣበቀው፣ ታይት የሚባለው ቁምጣ ግን ጭኑ ጎን ላይ ያለው ኪስ ስልኩን አጥብቆ ስለሚይዝ አይወዛወዝም። ከሁሉ የሚመረጠው ግን ከኋላ ወገብ ላይ የምትገባው ትንሽ ባለ ዚፕ ኪስ ናት። አራሷ ይህችን ከፍታ ለእናቷ ስታሳይ የቤቱ አየር ተለወጠ።

«መቀነት አለው እንዴ?» አሉ እናቲቱ መነጽራቸውን አውጥተው።

ዕድሜ ልካቸውን ብር መቀነት ላይ ቋጥረው መርካቶ የወጡ ሴት ናቸው፤ ወገብ ላይ ያለ ገንዘብ ምን ማለት እንደሆነ ማንም አያስረዳቸውም። ዚፗን ሁለት ጊዜ ከፍተው ዘጉ። ስለ ርዝመቱ ያን ቀን ሌላ ነገር አልተነሳም።

ጨርቅ ላይ ደግሞ ሐበሻ ጥጥ ያምናል፣ የሸማ አገር ልጅ ነውና አይፈረድበትም። ጥጥ ለቤት፣ ለበረንዳ፣ ጓሮ ሥጋ ለመጥበስ የሚስተካከለው የለም። ለላብ ግን አይሆንም። በተለመደ አየር ውስጥ ጥጥ ከክብደቱ 8 በመቶ ገደማ እርጥበት ይዞ ይኖራል፤ ፖሊስተር አንድ በመቶም አይሞላው። ጥጡ ላቡን ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ አይደርቅም፤ እርጥብ ጨርቅ እርጥብ ቆዳ ላይ ሲፋተግ፣ ከላቡ የተረፈው ጨውም ሲጨመርበት ጭን ይላላጣል። በዚህ የተቀጣች ሴት ማታ እግሯን አንፈራጣ ስትገባ እናቶች የሚያመጡት መድኃኒት ቫዝሊን ነው፤ ልክ ናቸው፣ ማራቶን ሯጮችም የሚቀቡት እሱን ነው፤ ግን ከሩጫው በፊት። ለጋ ቅቤ የሚያዝዙም አሉ። ቅቤው ይሠራ ይሆናል፤ ውሻ ይከተላል።

ፖሊስተርም ከነውር ነጻ አይደለም። በ2014 የቤልጂየሙ ጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 26 ሰዎችን ለአንድ ሰዓት የስፖርት ብስክሌት ካስነዱ በኋላ ቲሸርታቸውን ሰብስበው አሸተቱ፤ ሳይንስ ይህንም ያሠራል። የፖሊስተሩ ሽታ ከጥጡ የባሰ ሆነ፤ ሽታ የሚያመጡት አንዳንድ ባክቴሪያዎች እሱ ላይ ይመቻቸዋል። ለቁምጣ የተሻለው ስምምነት ናይለን ከጥቂት ስፓንዴክስ ጋር ነው። ስፓንዴክስ በ1958 ዱፖን ኩባንያ ውስጥ በጆሴፍ ሺቨርስ የተፈጠረው የሚለጠጥ ክር ነው፤ ዛሬ ታይት የሚባል ነገር ሁሉ የቆመው በሱ ላይ ነው። ይህ ሁሉ ውስጥ በተሰፋችው መለያ ላይ በመቶኛ ተጽፏል። መለያ የማንበብ ልማድ ሌላም ነገር ያሳያል፤ በ2016 የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከተመረቀ በኋላ «በኢትዮጵያ የተሠራ» የሚል ልብስ እዚያው አሜሪካ ሱቅ ውስጥ ሊገጥም ይችል ነበር። ከ2022 መጀመሪያ አንስቶ አሜሪካ ለኢትዮጵያ ትሰጥ የነበረውን ከቀረጥ ነጻ ዕድል ስታቆም ነገሩ ቀዘቀዘ።

በሰፊ ቁምጣና በታይት መካከል ለምትዋልል ሴት ሁለቱን አንድ ላይ የሰፉ አሉ፤ ከውስጥ ጭን የሚይዝ ታይት፣ ከላይ ነፋስ የሚያስገባ ሰፊ ቁምጣ። መላላጥን ያስቀራል፣ ጨዋነትንም ይጠብቃል፤ በአንድ ዋጋ ሁለት በመሆኑም ከእናት ጋር የሚደረገውን የዋጋ ክርክር ይዘጋል።

ቀለም በአጭሩ፤ ብሩህ ግራጫ የላብን ካርታ ለአገር ያሳያል፣ ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ ይደብቃሉ። ለነጭ መከራከር የሚፈልግ ዊምብልደንን ያስብ፤ ነጭ ካልሆነ አይገባም ሲል የኖረው ውድድር እንኳ የወር አበባ ጭንቀትን ሰምቶ ከ2023 ጀምሮ ሴቶች ከውስጥ ጠቆር ያለ ቁምጣ እንዲለብሱ ፈቅዷል። ለሐበሻ ሴት ሌላ ምክንያትም አለ። የኢትዮጵያ ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ ከ1984 ጀምሮ የሚያዘጋጀው የእግር ኳስ ውድድር በየዓመቱ ጁላይ 4 አካባቢ ሕዝቡን አንድ ስታዲየም ይሰበስባል። ሕዝቡ ለኳስ ብቻ አይመጣም። ጭን ላይ በተቀመጠ የወረቀት ሳህን ቀይ ወጥ እየተበላ ጎል ሲገባ የሚሆነውን ነጭ ቁምጣ የለበሰች ሴት ታውቃለች። ፀሐይ ሲያግለው በዋለ የብረት አግዳሚ ላይ ባለ 3 ኢንች ለብሳ የተቀመጠችም እንዲሁ ታውቃለች።

ቁጥር፣ ማለትም ልክ፣ ሌላው ሙግት ነው። አንዲት ሴት አንድ ሱቅ ውስጥ 6፣ ቀጥሎ ካለው 10፣ ሦስተኛው ውስጥ «መካከለኛ» ትሆናለች፤ በመሃሉ የበላችው ነገር የለም። የአሜሪካ መንግሥት ሥርዓት ሊያስይዘው ሞክሮ ነበር። በ1939 እና 1940 ሩት ኦብራየንና ዊሊያም ሼልተን ወደ 15,000 የሚጠጉ ሴቶችን አስለኩ፤ ከአንዷ ገላ 59 ልኬት ይወሰዳል። ስሌቱ የተሠራው በነጮች ልኬት ብቻ ነበር። ከዚያ ተነስቶ በ1958 የሴቶች ልብስ ደረጃ ወጣ፣ ነጋዴው እንደፈለገ ጣሰው፣ በ1983 ደረጃው ራሱ ተሰረዘ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ የሱቁ ሐሳብ ነው፤ አንዳንዱ ሱቅ ደንበኛውን ለማስደሰት ቁጥሩን ሆን ብሎ ያሳንሳል። ብልህ ሴት ሁለት ቁጥር ይዛ ትገባለች፣ የተመቻትን ትገዛለች፣ መለያው ካናደዳት በመቀስ ትቆርጠዋለች።

ቁምጣ የማይገባበትም ቦታ አለ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ይታወቃል። እሑድ ማለዳ ሮጣ ለቅዳሴ የምትደርስ ሴት መኪናዋ ውስጥ ረጅም ቀሚስና ነጠላ አታጣም፤ መቀያየሩን በየትኛው የመኪና ማቆሚያ ጥግ እንደምትጨርሰው የሷ ጥበብ ነው። ነጠላዋ ግን ለቅዳሴ ብቻ አይደለችም። ውጭ የሚያቃጥለው ሐምሌ የአሜሪካ ሱፐርማርኬት ውስጥ ጥር ነው። የማስትሪክት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2015 እንዳስረዱት፣ የሕንጻዎች ሙቀት የሚሰላበት ቀመር በ1960ዎቹ የተቀመረው 70 ኪሎ የሚመዝን የ40 ዓመት ወንድ የሚያመነጨውን ሙቀት መነሻ አድርጎ ነው። ሰውየው ሙሉ ልብስ ለብሶ ሳይሆን አይቀርም። ቁምጣ የለበሰችው ሴት የወተቱ መደርደሪያ ጋ ስትደርስ ነጠላዋን ትከናነባለች፤ ከታች ለሩጫ፣ ከላይ ለልቅሶ የተዘጋጀች ትመስላለች።

ረጅም ሣር ግን ቀልድ የለውም። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ጫካዎች ሣር ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ የሚጠብቅ መዥገር አለ፤ ስሙን ከኮነቲከቷ የላይም ከተማ የወሰደውን የላይም በሽታ ያስተላልፋል። በተጠረገ መንገድ መሃል ለመሃል የምትሄድ ሴት በቁምጣዋ ትዝናና። ከመንገዱ ወጥታ ሣር የምትገባው ግን ረጅም ሱሪ ለብሳ ጫፉን ካልሲዋ ውስጥ ትክተት፤ የአገሪቱ የበሽታ መከላከያ ማዕከል የሚመክረውም ይህንኑ ነው። ቤት ስትገባም ልብሱን በደረቁ ማድረቂያ ውስጥ በከፍተኛ ሙቀት ለ10 ደቂቃ ብታዞረው መዥገሩ ይሞታል። ስፓንዴክስ ያለበት ቁምጣ ግን ሙቀት ያረጀዋል፤ በሌላው ቀን ገመድ ላይ ይሰጣ፣ ማለስለሻም አይግባበት፤ ማለስለሻው ክሩን ሸፍኖ ላብ የማሳለፍ ችሎታውን ይቀንስበታል።

የእናቲቱ መመለሻ ሲቃረብ ሁለቱ ሻንጣዎች ተከፍተው ሚዛኑ ወጣ፤ ለእያንዳንዱ 23 ኪሎ። ቫይታሚን፣ ሻምፑ፣ የጎረቤት ልጅ ጫማ። እናቲቱ ሻንጣው ዳር ተቀምጠው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ያ መቀነት ያለው ታይት… ረዘም ያለ አለው?»

«አለው እማዬ፤ ባለ ዘጠኝ ኢንች። ልትሮጪ ነው?»

«ምን ያሮጠኛል? ቀሚስ ውስጥ ነው እንጂ። ታክሲ ሰልፍ ላይ ኪስ አውላቂው አላስቀምጥ ብሏል፤ ደግሞ በሙቀት ጊዜ ጭኔ…» አሉና ቀሪውን ዋጡት። «ለአክስቶችሽም ያስፈልጋል። ለእድራችን ሰብሳቢም።»

«ቁጥራቸው ስንት ነው?»

«ቁጥር ምን ያደርጋል፤ በክር ለክተው ይልካሉ።»

በማግስቱ ከአዲስ አበባ በቴሌግራም መልእክት ገባ። ሦስት ክር፣ ሦስት ፎቶ፤ እያንዳንዱ ባዶ ጠረጴዛ ላይ ቀጥ ብሎ የተዘረጋ፣ አጠገቡ ስንት እንደሚያክል የሚያሳውቅ ማስመሪያ ቀርቶ ማንኪያ እንኳ የሌለው። «ቀዩ የታላቋ ነው» የሚል ማብራሪያ ተከትሏል። ልጅቱ ከመካከለኛው፣ ከትልቁና ከእጅግ ትልቁ ሁለት ሁለት ገዛች። ደረሰኙን ግን ሻንጣ ውስጥ አላስገባችም።